ዘፈኑ እስካለ ገመዱን አትሳቢ

እውነት ነው ብዬ አልምልላችሁም። የሚምል ሰው ሁሉ ውሸታም ይመስለኛል።

ግን ሆኗል። በእኔ ላይ ሆኗል።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ፣ የሚያላዝን ውሻ የለ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር... ጠራራ ፀሐይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ዛፍ ጥላ ሥር ምሳውን የሚበላበት ሰዓት።

አንድ ነገር ላስቀድም። ይሄን ስጽፍላችሁ እየዘፈንኩ ነው።

አትሳቁ። ለምን እንደምዘፍን ስትደርሱበት አትስቁም።

የባሌ ቤተሰብ ወይን ጠጅ ጠማቂ ነው። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሥራ። ከኮረብታው ሥር የወይን ማሳ አላቸው፣ ከማሳው ጫፍ ትልቅ ቤት፣ ከቤቱ ሥር ደግሞ ምድር ቤት። ምድር ቤቱ ወለል ውስጥ የሲሚንቶ ገንዳዎች ተቀብረዋል። ከላይ የሚታየው አንድ ሰው ብቻ የሚያሾልክ ክብ አፍና የብረት ክዳን ነው። ውስጡ ግን ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም ከላይ አይደርስም።

ወይን ሲፈላ መጥፎ አየር ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ከባድ ስለሆነ ገንዳው ሥር ይተኛል። እዚያ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ጥቂት ከሳበው ጉልበቱ ይከዳዋል... ከዚያ በቃ። እነሱ "የገንዳው ትንፋሽ" ይሉታል።

ስለዚህ ሕግ አላቸው።

አተላውን ለመጥረግ የሚወርድ ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል። ገመዱ ጣሪያው ላይ በተንጠለጠለ መዘውር ዞሮ፣ ከላይ በቆመው ሰው እጅ ይገባል። የወረደው ሰው ደግሞ ይዘፍናል። ሳያቋርጥ። ዘፈኑ ከቆመ ከላይ ያለው ወዲያው ይስባል። ዘፈኑ እስካለ ግን አይስብም፤ መሰላል ላይ ያለ ሰው ድንገት ከተሳበ ጭንቅላቱ ከሲሚንቶው ጋር ይላተማል።

ቀላል ሕግ ነው። ልጅ እንኳ አይስተውም።

እዚያ ቤት ስገባ አማቴ አማቼን፣ የባሌን አባት፣ ከቀበረች ዓመታት ሆኗታል። አማቼን አላየሁትም፤ ድምፁንም አልሰማሁትም። ይሄን ልብ በሉልኝ።

የሞተው አተላ ሲጠርግ፣ ከሁሉም ጥልቅ በሆነው ገንዳ ውስጥ ነው። ገመዱን የያዘው ትልቁ ልጁ፣ የእኔ ዋርሳ ነበር። ዘፈኑ ሲቆም ሳበ። አልደረሰም።

አማቴ ምን አደረገች? "ሐዘን ሐዘን ነው፣ ወይን ወይን ነው" ብላ በሦስተኛው ቀን ወይኑን እዚያው ገንዳ ውስጥ አስገለበጠችው።

የዚያ ዓመት ወይን ስም አወጣላቸው። አፉ በቀይ ሰም የታሸገ ጠርሙስ ነው፤ ተራውን ወይን የሚገዛ ሰው ከሩቁ ነው የሚያየው። ንጹሕ ጫማ ያደረጉ ሰዎች በንጹሕ መኪና መጥተው ይወስዱታል። ሲቀምሱት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። "ጉሮሮ ላይ ይቆያል" ይላሉ።

እሱ አለቀ። ከዚያ በኋላ የተጠመቀው ሁሉ ውሃ ሆነባቸው። "የበፊቱ የለም ወይ?" የማይላት ገዢ አልነበረም። በዚህ ጥያቄ አማቴ ፊቷ ሲጨፈግግ አይቻለሁ።

ሁሉም "እማማ" ነው የሚላት። እኔም ፊቷ አንቱ እላት ነበር። አሁን ግን የት አባቷ!

እኔን "ሙሽሪት" ያሉኝ በሠርጌ ማግስት ነው፤ በዚያው ቀረ። ባሌ የቤቱ ትንሽ ልጅ ስለሆነ፣ ጺሙን አሳድጎም "ማሙሽ" ይሉት ነበር። ማሙሽ ሳቂታ ነው። ቁም ነገር ስታወሩት እንኳ ከንፈሩ ዳር ላይ ሳቅ አለች።

ከዚያ ቤት ልንወጣ ነበር። ማሙሽ ጠርሙስ ፋብሪካ ሥራ አግኝቷል፤ እኔ ደግሞ አንድ ክፍል ቤት አይቻለሁ። ለአማቴ የነገራት ምሳ ላይ ነው።

"እማዬ... የዘንድሮው ወይን ከገባ በኋላ እንሄዳለን።"

ዋርሳዬ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እሺ" አለች።

እሺ! እማማ እሺ ስትል ገና ያን ቀን ሰማሁ።

"ከመሄድህ በፊት ግን የአባትህን ገንዳ ጥረግልኝ። ስንብትህ ይሁን።"

ያንን ገንዳ ለዓመታት ዘግታው ኖራ ዘንድሮ አስከፍታዋለች። ወይኑ እዚያ ውስጥ ፈልቶ ተቀድቷል። የቀረው ሥሩ ላይ ያለው አተላ ነው።

"እኔ ነኝ ገመዱን የምይዘው" አለ ዋርሳዬ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ በሳምንት ይቺን ያህል ከተናገረ ብዙ ነው።

"አንተ ነህ እንጂ፤ ሌላ ማን አለኝ?" አለችው እናቱ።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ስንወርድ... ዋርሳዬ የለም።

"ቡሽ አልቆብኝ ከተማ ላክሁት" አለች። ከገንዳው አፍ አጠገብ ወንበር አስመጥታ ተቀምጣለች። "ገመዱን አንቺ ያዢ።"

"እኔ? እስኪመጣ ብንጠብቀውስ፣ እማማ?"

"ምነው? ባልሽን መያዝ ያቅትሻል?"

ማሙሽ ሳቀ። "ተያት እማዬ፣ ከያዘችኝማ ቆየች።"

"ሕጉን ታውቂዋለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"በይው።"

"ዘፈኑ ሲቆም መሳብ።"

"ዘፈኑ እስካለስ?"

"አለመሳብ።"

"ጎበዝ።"

ሰው ከመውረዱ በፊት ሻማ በቆርቆሮ አድርገው በክር ያወርዳሉ። ሻማው ከጠፋ ገንዳው ውስጥ አየር የለም ማለት ነው። ሻማውን ራሷ አወረደች። ጎንበስ ብላ አየች።

"ይበራል" አለች። ክሩን ጠቅልላ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

ማሙሽ ወገቡን አሠረ። ጉንጬን በቆሸሸ ጣቱ ነካ አደረገኝና ወረደ።

ከዚያ ዘፈኑ ተጀመረ።

ዘፈኑን ያወጣው አማቼ ነው ይላሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ሲጠርግ እሱን ነው የሚዘፍነው፦

*አንቺ ገንዳ ጠጪ፣ እኔ ልቅዳልሽ፣*
*ጉሮሮዬ እስኪደርቅ፣ እኔ ልዝፈንልሽ።*

ማሙሽ ግን እንደዚያ አይዘፍነውም። እኔን ለማብሸቅ "አንቺ ሙሽሪት ጠጪ" ነው የሚለው። "ሙሽሪት" ላይ ሲደርስ ሳቅ ያመልጠዋል። ሁልጊዜ።

ያን ቀንም እንደዚያው ጀመረ። አንቺ ሙሽሪት ጠጪ... ሳቅ። አካፋው ከሥር ቸፍ... ቸፍ... ይላል። እኔም ገመዱን ይዤ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ቸፍ... ቸፍ... ቸፍ...

ከዚያ አካፋው ቆመ።

ዘፈኑ ግን አልቆመም።

ደክሞት ይሆናል አልኩ። አካፋውን ተደግፎ እያረፈ ይሆናል።

*አንቺ ገንዳ ጠጪ...*

"ገንዳ" አለ። "ሙሽሪት" አላለም። ሳቁም የለም።

ቀልዱ ሰለቸው እንግዲህ አልኩ ለራሴ። ሰው ሁልጊዜ አይቀልድም።

ቆይቶ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። አይተነፍስም። የሚዘፍን ሰው ስንኝ ሲጨርስ አየር ይስባል አይደል? እሱ አይስብም። ጫፉን ከጫፉ እየገጠመ፣ ያለ አንዲት እረፍት...

ገመዱን አየሁት። ረግቧል።

"እማማ..." አልኩ በሹክሹክታ።

"እሽ! ዝም በይ።"

"ድምፁ ትንሽ..."

"አምሮበታል ዛሬ።"

ዘወር ብዬ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ከዘፈኑ ጋር ይንቀሳቀሳል። ጉንጯ ላይ እንባ አለ። ፈገግ ብላለች...

አርጅታ የማውቃት ሴት ያቺን ሰዓት የልጅ ፊት ነበራት።

"ማሙሽ?" ብዬ ወደ ገንዳው ጠራሁ።

"አትጥሪው!" ክንዴን ያዘችኝ። "ሊመልስልሽ ሲል ዘፈኑ ይቋረጣል። ከዚያ ትስቢዋለሽ፣ መሰላሉ ላይ ይሆናል፣ አንገቱን ይሰብራል። ባልሽን ልትገድዪው ነው?"

ልክ ነች። ሕጉ ሕግ ነው።

ቆምኩ። ዘፈኑን እየሰማሁ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አትጠይቁኝ።

ዓይኔ እግሯ ሥር የተጠቀለለው የሻማ ክር ላይ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። አጭር ነው። ቢዘረጋ ከወገቤ አያልፍም። ሻማው ገንዳው ሥር አልደረሰም ነበር። አፉ ላይ ነው የበራው።

"ልስበው ነው!" ብዬ ገመዱን ጎተትኩ።

አልመጣም።

በእኔና በመዘውሩ መካከል ረግቦ ወለሉ ላይ የተኛው ገመድ ላይ የወንበሯ እግር ቆሞ ነበር።

"ተነሺ! ተነሺልኝ!" አንቱታውም ጠፋብኝ።

"ዘፈኑ እስካለ ገመዱን አትሳቢ" አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ። ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ። "ምን ነበር ያልሽኝ አሁን? በይው እስኪ።"

ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ዋርሳዬ ነው። የቡሽ ከረጢት በትከሻው ይዞ ይወርዳል። መጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ ዘፈኑን ሰማና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከረጢቱ ከትከሻው ወደቀ፤ ቡሾቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

"ማነው የሚዘፍነው?"

"ወንድምህ ነዋ!" ብዬ ጮህኩ።

ፊቱ አመድ መሰለ።

"ይሄ ወንድሜ አይደለም" አለ በሹክሹክታ። "ይሄ... አባዬ ነው።"

ለካ የአማቼን ድምፅ የማያውቅ ሰው ነበር የተፈለገው። ከዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ የማያውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እናቱን ከነወንበሯ ገፍቶ ጣላት። አብረን ሳብን። ማሙሽ ወጣ።

እስከ ጉልበቱ ወይን ጠጅ ቀለም ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁት፤ አገጩ ቀዝቅዟል። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

ከእግራችን ሥር ግን ዘፈኑ ቀጥሏል።

ዋርሳዬ ደረቱን ይጫናል፣ አፉ ላይ ይተነፍስበታል፣ ያለቅሳል። እኔ ገንዳውን ነው የማየው። ምክንያቱም አሁን ከሽማግሌው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ገባ። ወጣት። መጀመሪያ ደከም ብሎ፣ ከዚያ ጠንከር እያለ...

*አንቺ ሙሽሪት ጠጪ...*

"ሙሽሪት" ላይ ሲደርስ ሳቀ።

እማማ ከወደቀችበት ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ልጇን አላየችውም። አንዴ እንኳ ዘወር ብላ አላየችውም።

"ክደኑት" አለች። "ሳይወጣ ክደኑት።"

እኛ አልተንቀሳቀስንም። ራሷ የብረቱን ክዳን ጎትታ ገጠመችው። ከዚያ መዳፏን ክዳኑ ላይ አድርጋ "አሁን ሁለት ሆናችሁ" ስትል ሰማኋት።

መርማሪዎች መጡ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። የገንዳው ትንፋሽ ገደለው ተባለ። እሱስ እውነት ነው። ዋርሳዬ ወንድሙን ቀብሮ ጫማውን እንኳ ሳይቀይር ከዚያ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የተቀዳው ወይን ተመልሶ እዚያው ገንዳ ውስጥ ተገለበጠ።

እኔስ? እኔ ቀረሁ።

ሰው ይወቅሰኛል፤ ይውቀሰኝ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ይዘፍን ነበራ! ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ምድር ቤት እወርዳለሁ፤ ክዳኑ ላይ በጎኔ ተኝቼ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ከሥር ይጠራኛል፣ ይስቃል። ሞቶም ያበሽቀኛል። እንዲህ ያለ ነገር ጥሎ የሚሄድ አንጀት አልነበረኝም።

እማማ ታውቃለች። አንድ ቀን ትራስ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ። ከዚያች ትራስ የበለጠ ጭካኔ አላየሁም።

ወይኑ ደረሰ። ጠርሙሱ ታጠበ፣ ቀይ ሰም ቀለጠ። ገንዳው ውስጥ ያለው ወይን በጎደለ ቁጥር የማሙሽ ድምፅ እየራቀ ሄደ። በጠርሙስ በጠርሙስ እየሸጠችብኝ ነበር።

ገዢዎቹ በንጹሕ መኪናቸው መጡ። እማማ በፊታቸው ብርጭቆ ሞላችና መጀመሪያ ለእኔ ዘረጋችልኝ።

"ጠጪ ሙሽሪት።"

ልደፋው ነበር። ግን እኮ... እሱ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ጠጣሁት።

ሞቅ ያለ ነው። ጣፋጭም መራራም አይደለም። ወረደልኝ፤ ግን ሁሉም አልወረደም። አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ዛሬም አለ።

ገዢዎቹ ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ኦ!" አሉ። "ከበፊቱም ይበልጣል!"

እማማ ተጉመጠመጠችና ባልዲው ውስጥ ተፋችው።

"ጥሩ ነው" አለች። "ግን ገና ነው።"

"ምን ጎደለው ደግሞ?" አላት አንዱ እየሳቀ።

እኔን አየችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ።

"ቀጭን ድምፅ" አለች። "የሴት።"

የወይን ሰዎች እንዲህ ነው የሚያወሩት ብለው ሁሉም ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ምድር ቤት ወረድኩ። ገንዳው ተከፍቷል። መዘውሩ ላይ አዲስ ገመድ ተንጠልጥሏል። ቋጠሮው ተዘጋጅቷል... ጠባብ ነው። የወንድ ወገብ አያስገባም። በእኔ ልክ ነው።

ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አንስቼ ቀሚሴ ሥር ደበቅሁና በወይኑ ማሳ በኩል ሮጥኩ።

አሁን የምኖረው በጣም ሩቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ አንዲት ክፍል፣ ጠባብ መስኮት። ጠርሙሷን አልከፈትኳትም። ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ሰባት ሰዓት ሲሆን ጆሮዬን አስጠጋላታለሁ፤ በጣም ከሩቅ "ሙሽሪት" ይለኛል። ይበቃኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ በዚያ መኖር እችል ነበር።

ትናንት ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ግድግዳ ነው የሚለየን።

"እናትዬ፣ ድምፅሽ እንዴት ያምራል!" አለችኝ። "በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ነው የማዳምጥሽ።"

ማሙሽ ከሞተበት ቀን ጀምሮ እኔ ዘፍኜ አላውቅም።

ዛሬ ሰባት ሰዓት ሲቃረብ መስታወት ፊት ቆምኩ። አፌን በሁለት እጄ አፈንኩ።

ጠርሙሷ ጀመረች። ሽማግሌው። ማሙሽ። ከዚያ ሦስተኛ... ቀጭን። የሴት። የራሴ ድምፅ! አፌ ታፍኖ፣ ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ፣ ከጠርሙሷ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

*ጉሮሮዬ እስኪደርቅ፣ እኔ ልዝፈንልሽ...*

ጮህኩ። ጠርሙሷን አንስቼ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኳት።

ዝም አለ።

ሦስቱም ድምፅ በአንዴ ዝም አለ። ወይኑ በግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል። ተገላገልኩ ብዬ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ሕጉ ትዝ ያለኝ።

ዘፈኑ ሲቆም...

ወገቤ ላይ አንድ ነገር ጠበቀ። ቀሚሴን አየሁ። ወገቤን ዙሪያውን እርጥብ ቀይ መስመር ወጥቶበታል፤ ጨርቁ በማይታይ ነገር እንደታሠረ ተጨማዷል። ከዚያ ሳበኝ። አንዴ። ከአልጋው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ በሩ...

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ዘፈንኩ።

መሳቡ ቆመ።

አሁን በሩ ሥር ተቀምጬ በስልኬ ነው የምጽፍላችሁ። ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት እርጥብ ቀይ መስመር ወጥቶ ወደ ደረጃው ይወርዳል። ትንፋሽ ለመውሰድ ባቆምኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይወጠራል። ልብስ ሰፊዋ ከግድግዳው ወዲያ መኪናዋን አቁማለች፤ ስታጨበጭብልኝ ይሰማኛል።

ውሃው ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ገመዱ እስከዚያ አያደርሰኝም።

ጉሮሮዬ መድረቅ ጀምሯል።